ከቢላው በፊት

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው የጠየቁት በ1879 ዓ.ም. ነበር። ከተማዋ አዲስ አበባ የሚለውን ስሟን ያገኘችው በዚያ ወቅት ነው። መኳንንቱም ባላገሩም ቁርጥማቱን ሊያስለቅቅ ወደ ፍል ውሃው ይወርድ ነበር። የነፍስም የሥጋም ሕመም የጸናበት ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ጠበል ይወጣል። የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት መንገድ ዛሬም በዚያው ልማድ ላይ ነው። በየወሩ በ16፣ ይልቁንም የካቲት 16 ቀን በዓመቱ ክብረ በዓል፣ ነጠላውን የተከናነበ ሕዝብ ገና ጎሕ ሳይቀድ ዳገቱን ይያያዘዋል። ቢጫ ጄሪካን በትከሻው ያንጠለጠለ አለ፣ በልጁ ተደግፎ በየድንጋዩ ላይ እያረፈ የሚወጣ አለ። ባሕር ዛፉ ጤዛውን ያንጠባጥባል።

በዚህ ተራራ ላይ ተስፋቸውን ይዘው ከሚወጡት መካከል አንዳንዶቹ ሲቀመጡ የሚያማቸው፣ ሰገራቸው ውስጥ ደም የሚያዩና ለማንም ለመናገር የሚያፍሩ ናቸው። ይህ ታሪክ የእነሱ ነው። ለመተረክ ግን ከአድዋ መነሳት አለብኝ፤ ነገሩ የተጀመረው እዚያ ነውና።

በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ሰሜን እየገሰገሰ ሳለ፣ በጀርመን አገር ቩርዝቡርግ ከተማ ቪልሄልም ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ የማይታይ ጨረር አገኘ። ጨረሩ ሥጋን ዘልቆ ያልፋል፣ አጥንት ላይ ሲደርስ ግን ይገታል። ሮንትገን የሚስቱን እጅ አነሳበት፤ አጥንቶቿና የጣት ቀለበቷ ቁልጭ ብለው ወጡ። ይህ ከሆነ አራት ወር ሳይሞላ የካቲት 23 የአድዋ ጦርነት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ በጣሊያን ናፖሊ ከተማ ባለው የጦር ሆስፒታል፣ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን በአዲሱ ጨረር መረመረ። ሁለቱም ጥይት ክንዳቸው ውስጥ ቀርቶባቸው ነበር። እስከዚያ ድረስ የጦር ሐኪም ጥይት የሚፈልገው ቁስሉን በብረት እየነካካ፣ በግምት እየቀደደ ነው። አልቫሮ ግን ጥይቱ የት እንዳለ በምስል አየ። በዓለም ላይ የጦር ቁስለኛ በራጅ ሲመረመር የመጀመሪያው ይህ እንደሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። እንግዲህ በጦር ሕክምና ቢላ ከማንሳት በፊት ማየት የተጀመረው እኛው በተኮስነው ጥይት ላይ ነው። ስሙንም ከእነሱው ወሰድነው፤ «ራጅ» የምንለው ቃል ጣሊያኖች ጨረሮችን ለመጥራት ከሚጠቀሙበት «ራጂ» የመጣ ነው።

በአድዋ ማግስት ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኞችን አከሙ። ከእነሱ በኋላም የሩሲያ ሐኪሞች ሥራውን ለዓመታት ቀጠሉበት። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሕመምተኛ ከጠበሉ ሌላ የሚሄድበት በር ተከፈተለት ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን ለንደን ውስጥ ዊልያም ኧርነስት ማይልስ የተባለ ቀዶ ሐኪም ከአንድ ክፉ በሽታ ጋር ይታገል ነበር። የበሽታው ስም የፊንጢጣ ካንሰር ነው። ሐኪሞች ሬክተም የሚሉት ይህ የአንጀት ክፍል ከሰገራ መውጫው ወደ ላይ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆነው ነው። ማይልስ 57 ሕመምተኞችን እንደ ዘመኑ ልማድ ከታች በኩል ቀድዶ ዕጢውን አወጣ። ከ57ቱ በ54ቱ ላይ በሽታው ተመልሶ መጣ። ይህን ቁጥር ሳይደብቅ ጻፈው፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከላይ በሆድ፣ ከታች በመቀመጫ ገብቶ አካባቢውን ሁሉ ጠርጎ የሚያወጣ አዲስ ቀዶ ሕክምና ይፋ አደረገ። ሕይወት አተረፈ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የሰገራው መውጫ ተዘግቶ ሕመምተኛው ዕድሜ ልኩን ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ለመጸዳዳት ይገደዳል።

ራጅ ለዚህ በሽታ አልሆነም። አጥንትንና ጥይትን ያሳያል እንጂ ሥጋን ከሥጋ አይለይም። ፊንጢጣ ደግሞ የተቀመጠው ጠባብ የዳሌ አጥንት ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊቱ የሽንት ፊኛ፣ በወንድ ፕሮስቴት፣ በሴት ማሕፀን አለ፤ በጎንና በጎኑ ሽንትንና ሩካቤን የሚያዙ ነርቮች ያልፋሉ። ቢላው አንዲት ጣት ያህል ወደ ጎን ቢስት ሰው ይጎዳል። ወደ ውስጥ ቢስት ደግሞ ካንሰሩ ይቀራል። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሚወስነው በጣቱ ዳስሶ፣ ሆድ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በዓይኑ አይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ከትበርት ዱክስ የተባለ የለንደን የፓቶሎጂ (ከሰውነት የወጣን ሥጋ የሚመረምር) ሐኪም ካንሰሩ ምን ያህል እንደዘለቀ የሚለይበትን ደረጃ አወጣ። ግን ደረጃው የሚታወቀው አንጀቱ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ነበር። ያኔ ደግሞ ውሳኔው አልፏል።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ሰውነታችን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። በእያንዳንዱ የውሃ ቅንጣት ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ብርቱ ማግኔት ሲቀርበው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። የሬዲዮ ሞገድ ሲነካው ከሰልፉ ይዛነፋል፣ ሞገዱ ሲቆም ወደ ቦታው ሲመለስ የራሱን ድምፅ ይለቃል። ይህን ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1946 በየፊናቸው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይመንድ ዳማዲያን የካንሰር ሥጋ የሚሰጠው ድምፅ ከጤነኛው ሥጋ እንደሚለይ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1973 ፖል ላውተርበር ድምፁን ወደ ምስል የሚለውጥበትን መንገድ አገኘ፣ ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ አፈጠነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1977 ዳማዲያን የአንድ ሰው ደረት አንድ ቁራጭ ምስል ለማንሳት አምስት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ኤምአርአይ የምንለው መሣሪያ ይህ ነው። ጨረር የለበትም፤ የሚያነበው የገዛ ሰውነታችንን ውሃ ነው።

እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር የእንጦጦን ጠበል አስባለሁ። ሰው ፈውስ ፍለጋ ወደ ውሃ ይወጣል። ሐኪሙም በሽታውን የሚያየው በውሃ በኩል ሆኗል። ሁለቱ አይጣሉም። ከዚህ በታች የምተርከውም ይህንኑ ያሳያል።

ኤምአርአይ ገና በልጅነቱ ሳለ፣ በእንግሊዝ አገር ቤዚንግስቶክ በምትባል ከተማ ቢል ሂልድ የተባለ ቀዶ ሐኪም ፊንጢጣን የከበበውን ስብ በጥሞና አጠና። ስቡ እንደ ሽንኩርት ገለፈት በሳሳች ሽፋን ተጠቅልሏል። ሂልድ በዚያች ሽፋን ላይ ሳይቀድዳት ዙሪያዋን ተከትሎ ከቆረጠ፣ ካንሰሩ ከነስቡ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፣ ነርቮቹም ይተርፋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ውጤቱን አሳተመ፤ እስከዚያ ድረስ በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይመጣ የነበረው በሽታ እጅግ ቀነሰ። ይህን የመቁረጫ መስመር «ቅዱሱ» እያለ ይጠራው ነበር። አባባሉ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቅድስት ስፍራን አልፎ መግባት ክልክል ነው።

ሽፋኗን ሳይነኩ ማለፍ ምን ያህል እንደሚያሻ ግን በቁጥር ያረጋገጠው ፊል ኩዋርክ የተባለ የሊድስ ከተማ የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከ52 ሕመምተኞች የወጣውን አንጀት በስሱ እየከተፈ ዳርቻውን በማይክሮስኮፕ አየ። በ14ቱ ላይ ካንሰሩ እስከ ተቆረጠው ዳር ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህ 14 ውስጥ በ12ቱ ላይ በዚያው ቦታ ተመልሶ አደገ። ከዚያ ወዲህ ለፊንጢጣ ካንሰር ሐኪም አንዲት ሚሊ ሜትር የሕይወትና የሞት ልክ ሆነች። ካንሰሩ ከዳሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ ተስፋ አለ፤ ከቀረበ ወይም ከነካ ስጋት ነው። ይህም ቢሆን የሚታወቀው ሕመምተኛው ከተቆረጠ በኋላ ነበር። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ያቺን ሚሊ ሜትር ከቢላው በፊት ማየት ይቻላል ወይ?

መልሱን በዌልስ የጀመረችው ጂና ብራውን የተባለች የራዲዮሎጂ ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 የ28 ሕመምተኞችን ፊንጢጣ በሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት እየቆራረጠ በኤምአርአይ አነሳች። ብልሃቱ ምስሉ በዕጢው ላይ ቀጥ ብሎ፣ ልክ ሙዝ በአግድም እንደሚከተፍ መነሳቱ ነው፤ ጋደም ካለ ዕጢው የተጋነነ ይመስላል። በምስሉ ላይ ስቡ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ዕጢው ግራጫ ነው፣ ያቺ የሳሳች ሽፋን ደግሞ እንደ ጥቁር ክር ትታያለች። ግራጫው ከጥቁሩ ክር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ በመስመር ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሬጂና ቤትስ ታን በሆላንድ ተመሳሳይ ውጤት አገኘች።

ቀጥሎ መርኩሪ የተባለው ጥናት መጣ። በአራት የአውሮፓ አገሮች 11 ሆስፒታሎች 408 ሕመምተኞችን ከቀዶ ሕክምና በፊት በኤምአርአይ አዩ፤ ከተቆረጠ በኋላም ምስሉን ከማይክሮስኮፑ ጋር አመሳከሩ። ከ408ቱ የ354ቱ ዳር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህም ውስጥ ለ327ቱ ምስሉ አስቀድሞ «ንጹሕ ይሆናል» ብሎ ነበር፤ ከመቶ 92 ማለት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። ካንሰሩ ወደ ስቡ የዘለቀበትን ጥልቀት ደግሞ ኤምአርአይ ከማይክሮስኮፑ በግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ ተስማምቶ ለካው።

ከዚህ በኋላ የሕክምናው ቅደም ተከተል ተለወጠ። ዕጢው ከሽፋኗ የራቀለት ሰው በቀጥታ ይቆረጣል፣ ሳያስፈልገው በጨረር ሕክምና አይጎዳም። የቀረበበት ወይም የነካበት ሰው መጀመሪያ የጨረር ሕክምናና ኬሞ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ይወስዳል፣ ዕጢው ይሰበሰባል፣ እንደገና ይነሳል፣ ከዚያ ይቆረጣል። በብራዚል አንጀሊታ ሃብር ጋማ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ከጨረርና ከኬሞ በኋላ ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸውን ሰዎች ሳይቆርጡ በቅርብ እየተከታተሉ ማቆየት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2004 አሳዩ። ማይልስ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

በእኛ አገር ጉዞው ቀስ ያለ ነው። የመጀመሪያው የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ተጀመረ። ከቀዳሚዎቹ የካንሰር ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶ/ር ቦጋለ ሰለሞን ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የሚመጣውን ሕመምተኛ እዚያ ያዩ ነበር። ለዓመታት በመላው አገሪቱ የነበረው ይህ አንድ ማዕከል ብቻ ነው፤ ወረፋው በወር ይቆጠር ነበር። ከጊዜ በኋላ ዘመናዊው የጨረር መሣሪያ በጥቁር አንበሳም፣ በጅማም፣ በሐረርም ተተክሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ፤ ካንሰር በአደባባይ ስሙ እንዲነሳ ካደረጉት አንዱ ይህ ማኅበር ነው።

ከእንጦጦ ጋር የተያያዘ አንድ ነገርም በዚህ ዘመን ሆነ። የኤችአይቪ ሕመምተኞች በብዛት ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጡ ነበር፤ መድኃኒታቸውን ያቋረጡም ነበሩባቸው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕመምተኞች ጠበሉን እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ ተናገሩ። ስለዚህ ተራራ ጠበል ከተነገሩ ቃላት ብዙ ነፍስ ያተረፈ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ ከተማዋ ውስጥ የትኛው ካንሰር እንደሚበዛ በመዝገብ የሚታወቅ አልነበረም። መዝገቡ ሲነበብ በሴቶች የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ቀደሙ፤ በወንዶች ግን ከሁሉ በልጦ የተገኘው የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ነበር። የምዕራባውያን በሽታ ነው ሲባል የኖረው በቤታችን ነበረ።

የሚደበቅበት ስምም አለው፤ ኪንታሮት። በየግድግዳውና በየስልክ እንጨቱ የተለጠፈውን የባህል መድኃኒት ማስታወቂያ አይተነዋል። ሰውየው ደም ያያል፣ «ኪንታሮት ነው» ይለዋል ጎረቤቱ፣ ቅባት ይገዛል፣ ይቃጠላል፣ ጥቂት ይሻለዋል፣ ደሙ ይመለሳል። እንዲህ ሲል ዓመት ያልፋል። ኪንታሮት በእርግጥ የበዛ ሕመም ነው፣ ደምም ያመጣል። ግን ኪንታሮትን ከካንሰር የሚለየው ማስታወቂያ አይደለም፤ ጓንት ያጠለቀ የሐኪም ጣት ነው። ከፊንጢጣ ካንሰር በጣት የሚደረስበት ብዙ ነው። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዋጋውም የካርድ ዋጋ ነው። ስንት አባወራና ስንት እናት በሐፍረት ብቻ እንደቀሩብን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ኤምአርአይ በአዲስ አበባ በትልልቅ ሆስፒታሎችና በግል የምርመራ ማዕከላት ይሠራል። ሕመምተኛው ወደ ማግኔቱ ክፍል ከመግባቱ በፊት ቀበቶውን፣ ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፣ ሰዓቱን ያወልቃል። የአንገቱን የብረት መስቀልም ለአስታማሚው ይሰጣል፤ የክር ማተቡ ግን አንገቱ ላይ ይቀራል። ልቡ ላይ መሣሪያ የተገጠመለት ወይም ገላው ውስጥ ብረት ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ማግኔቱ ከመሬት የተፈጥሮ ማግኔት ሠላሳ ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታልና። ከዚያ ጠባብ ዋሻ መሰል ውስጥ ይተኛል፣ ጆሮው ይሸፈናል። መሣሪያው እንደ መዶሻ ይደበድባል፣ ያጓራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይነቃነቁ መቆየት ነው። ብዙዎች በልባቸው ጸሎት ይደግማሉ።

ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት ላይ «ዕጢ አለ» ብቻ ከተጻፈ ሥራው አልተሠራም። ዕጢው ከሰገራ መውጫው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ፣ ወደ ስቡ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘለቀ፣ ከሽፋኗ ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ፣ ወደ ንፍፊቶቹና ወደ ደም ሥሮቹ መግባት አለመግባቱ መጻፍ አለበት። በዚህ ወረቀት ላይ ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙ፣ የኬሞ ሐኪሙና የራዲዮሎጂ ሐኪሙ አንድ ላይ ተቀምጠው ይወስናሉ። ሆድ ተከፍቶ ካንሰሩ ዳር ላይ ተጣብቆ ሲገኝ ግን የጨረሩ ተራ አልፎ ይሆናል፤ ይህን ስህተት ማንም ወደ ኋላ ሄዶ አያርመውም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ወይም ለወላጆቻችሁ የምታነቡላቸው፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ የሰገራ ልማድ ከሳምንታት በላይ ከተለወጠ፣ ሰገራው ከቀጠነ፣ ተጸዳድታችሁ ስትነሱ እንዳልጨረሳችሁ ከተሰማችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትተዉት። ሐኪሙ በጣቱ እንዲመረምር ጠይቁ፤ አታፍሩ። ካንሰር ነው ከተባለ ቀዶ ሕክምናው ቀን ከመቆረጡ በፊት «የፊንጢጣ ኤምአርአይ ተነስቷል ወይ? ከሽፋኑ ስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ ገላው የእናንተ ነው። ወደ ኪዳነ ምሕረት የምትወጡም ውጡ፣ ጠበሉን ጠጡ፣ ተጠመቁ፣ ጸልዩ። ስትመለሱ ደግሞ በየካ በኩል ውረዱ፤ ምኒልክ ሆስፒታል ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ቆሟል።